የተገለበጠው ኮሌታ

ባለፈው ሳምንት ይህን ገጽ አንብባችሁ ያለቀሳችሁ፣ እንባችሁን ጥረጉ። ሳታነቡ ሳንዱች የጠቀለላችሁበትም ብትሆኑ አልተቀየምናችሁም፤ ብዙ አላመለጣችሁም። ነገሩ አሁንም ያው ገመድ ላይ ነው።

ገመዱ ነጭ ነው። ከሆቴሉ አጥር ይነሳና አሸዋውን ለሁለት ከፍሎ ባሕር ውስጥ ይገባል። በስተቀኝ ያለው አሸዋ ጠዋት ጠዋት እንደ ሙሽራ ፀጉር ይበጠራል፤ ጃንጥላዎቹም በሰልፍ ይቆማሉ። በስተግራው ጀልባውም መረቡም ውሻውም እንዳሻው ይጋደማል። ማዕበሉ እስከዛሬ ገመዱን አክብሮ ስለመቆሙ የተገኘ ማስረጃ የለም። ሰው ግን ያከብረዋል፤ ገመዱ ዘበኛ አለዋ።

እናትና ልጅ ከአውቶቡስ የወረዱት ከዚህ ገመድ በስተግራ ነው፤ የዛሬ ስምንት ወር፣ አንድ የስፌት መኪና፣ ሁለት ሻንጣና አንድ ካርቶን ክር ይዘው። አባትየው በትልቁ ከተማ ሌላ ቤት፣ ሌላ ሚስት ነበረው። ለእነሱ የተረፋቸው ደብዳቤ ነው። ሰውየው ደብዳቤ ሲጽፍ እጁን የሚይዘው የለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ» እያለ ጻፈ። ልጅቷም ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ መጨረሻ መስኮት ላይ ቆማ ጠበቀች። አንድ ቀን እናትየው ደብዳቤዎቹን ሰብስባ፣ ጎን ለጎን አጣብቃ፣ የእጅጌ ቅድ፣ ጨርቅ የሚቆረጥበትን ልክ፣ አወጣችባቸው።

«በቃ። ባሕር ዳርቻ ሄደን እንደ አዲስ እንጀምራለን» አለች።

«ለምን ባሕር?»

«ጨው ጨርቅ ይበላል የኔ ልጅ። ጨርቅ የሚበላበት ቦታ እኛ አንራብም።»

ልጅቷ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። አውቶቡሱ ላይ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ ማለች፦ ከእንግዲህ ደብዳቤ አታነብም፣ ሰውም አትጠብቅም። የከተማዋ ሰው «እንግዳዋ» አላት። ዳቦ ቤት እንግዳዋ፣ ትምህርት ቤት እንግዳዋ። ስምንት ወር ሙሉ አንድም ሰው «መቼ ነው ነዋሪ የምትሆኚው?» ብሎ አልጠየቃትም።

መሐላውን ያፈረሰው የሸሚዝ ቁልፍ ነው።

የባለሆቴሏ ልጅ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ ከበር፣ ድፍረቱ ከደፍ የማያልፍ። በየሳምንቱ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ይዞ ይመጣል። «ይሄ ልጅ ቁልፍ ይበላል እንዴ?» አለች እናትየው፣ ስሙንም «አቶ ቁልፍ» ብላ አወጣችለት። ቁልፍ መትከል የልጅቷ ሥራ ነው፤ መኪናው የእናቷ ነው። የደህና ሸሚዝ ኮሌታ ደግሞ ከሥሩ በኩል፣ በግራና በቀኝ ጫፉ፣ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች አሉት። ኮሌታው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ቀጭን ፕላስቲክ የሚገባው በእነሱ ነው። ልጅቷ አንድ ቀን በዚያ ቀዳዳ ውስጥ በፕላስቲኩ ፈንታ እንደ ክብሪት እንጨት የተጠቀለለ ወረቀት አገኘች።

«ቁልፉን የነቀልኩት እኔው ነኝ። ይቅርታ። ሌላ ምክንያት አጣሁ» ይላል።

ሳቀች፤ ከዚያ በመሳቋ ተናደደች። በዚያው ቀዳዳ መልስ ላከች፦ «ከመንቀልህ በፊት ክሩን በመቀስ ቁረጠው። ጨርቁን እየቀደድክብኝ ነው።» በዚያች ከተማ ከዚህ የሚበልጥ የፍቅር ቃል እስከዚያን ቀን ድረስ አልተጻፈም።

አሥራ አንድ ቁልፍ፣ አሥራ አንድ ደብዳቤ። በመሐሉም ከጀልባ መጋዘኑ ጀርባ እየተገናኙ ማውራት ጀመሩ፤ የእናቱ ወዳጅ የሆነች ሴትዮ በዚያ በኩል ብቅ እስካለችበት ቀን ድረስ። አቶ ቁልፍ ያን ቀን ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ አሰረ። ያደረገው ሰንደል ጫማ ነው።

«ማሰሪያ የሌለው ጫማ ሲያስር ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው» ብላ ጻፈችለት። «ከጀልባ ጀርባ መወደድ አልፈልግም። ወይ በጠራራ ፀሐይ፣ ወይ ጭራሽ።»

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቁልፍ መጣ። «እውነትሽን ነው። እሁድ አሥር ሰዓት ገመዱ ጋ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ተሻግረን፣ እናቴ ባለችበት፣ በበረንዳው ፊት ለፊት እንሄዳለን፤ እጅሽን ይዤ። ካልመጣሽ ግን ይገባኛል። አጎቴ ሩቅ ከተማ ትምህርት ቤት አስመዝግቦኛል። ሆቴሉ ለወቅቱ ሲከፈት መጥቶ ሊወስደኝ ነው፤ እምቢ አልለውም።»

«እጅሽን ይዤ» የሚለውን ብቻ አሥራ ሰባት ጊዜ አነበበችው። በቅድ ወረቀት ቁራጭ ላይ፣ በእናቷ የልብስ ምልክት ማድረጊያ እርሳስ መልስ ጻፈች፤ በኮሌታው ቀዳዳ ከተተች፣ ቁልፉን ተከለች፣ ሸሚዙን አጥፋ ካለቁት ልብሶች ላይ አኖረችና የደንበኛ ቀሚስ ልታደርስ ወጣች። ስትመለስ አቶ ቁልፍ ሸሚዙን ወስዶ ሄዷል። መልሷ እሺ ነበር፤ በዚያ እሁድ ሳይሆን በሚቀጥለው። በዚያ እሁድ እናትና ልጅ የሆቴሉን የጠረጴዛ ልብስ ሲዘመዝሙ ነው የዋሉት።

የሚቀጥለው እሁድ ደረሰ። ልጅቷ ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች። ጨርቁ ከሆቴሉ በረንዳ መጋረጃ የተረፈ ቁራጭ ነው፤ ቀሚሱን የሰፋችው ግን እናቷ ስለሆነች መጋረጃው ራሱ ቢያያት ይቀናባት ነበር። ከአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ጀምሮ ገመዱ ጋ ቆመች።

«እንግዳዋ፣ ሰው ትጠብቂያለሽ?» አላት ዘበኛው። ስድሳ ያለፈው ሰው ነው፤ ኮፍያው በሁለት ቁጥር ይበልጠዋል።

«ባሕር እያየሁ ነው ጋሼ።»

«ባሕሩ በዚያ በኩል ነው። አንቺ የምታዪው በረንዳውን ነው።»

«አንገቴን አሞኝ ነው። ወደዚያ አልዞር አለኝ።»

«በዚህ ዕድሜ አንገት የሚያጣምም በሽታ አንድ ነው» አለ ዘበኛው፣ ኮፍያውን ከዓይኑ ላይ እየገፋ። ያለፈው እሁድ የእረፍት ተራው ስለነበር ማን እዚያ ቦታ ላይ እስኪመሽ እንደቆመ አላየም። ቢያይ ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅና የተረፈውን ገጽ በማስታወቂያ እንሞላው ነበር።

አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ተኩል። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል አቶ ቁልፍ በረንዳው ላይ ብቅ አለ። የለበሰው ያንኑ ሸሚዝ ነው፤ ሰማያዊ መስመር ያለበትን፣ ደብዳቤዋን የከተተችበትን። አያት። ዓይኑ ቀሚሷ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ፊቷ ላይ። ከዚያም የኮሌታውን ጫፍ በእጁ ጨብጦ ጀርባውን ሰጣት።

ልጅቷ አላለቀሰችም። ቀሚሷ ላይ የተጣበቀውን አሸዋ አራገፈች፣ ቀስ ብላ፣ ቅንጣት በቅንጣት፣ ሥራ ያለው ሰው መስላ። መስኮት ላይ መቆም እንዴት እንደሆነ ሰውነቷ አልረሳም ነበር፤ እግሯ፣ ወገቧ፣ አንገቷ ሁሉ ያስታውሰዋል። እዚህ ደግሞ መስኮት እንኳ የለም።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ባየችው ቁጥር ያንኑ ሸሚዝ ለብሷል። ሰኞም እሱ፣ ሐሙስም እሱ። «አንብቦ፣ ደብዳቤዬን አንገቱ ላይ እንደ ሜዳልያ አንጠልጥሎ ይዞርበታል» አለች ለራሷ። ሰማያዊውን ቀሚስ ከክት ልብስነት አውርዳ የሥራ ልብስ አደረገችው። ቀሚስን ከዚህ በላይ መቅጣት አይቻልም።

ሆቴሉ ለወቅቱ የተከፈተው በሦስተኛው እሁድ ነው። ከበረዶ ፋብሪካው ጎን ባለችው አንድ ክፍል ቤት እናትየው የስፌት መኪናዋ ላይ ናት፤ ልጅቷ ካውያ ይዛለች። ከመስኮቱ ሥር የጨርቅ ቁራጭ የሞላ ዘንቢል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከአባትየው ደብዳቤ የተቀደደ የእጅጌ ልክ፤ «በሚቀጥለው» የሚለው ቃል ክርኑ ላይ ወድቋል።

«አንቺ ልጅ፣ ካውያውን አንሺው! ጨርቁን ልትበሽው ነው?»

«አነሳሁት እማዬ።»

«ካነሳሽው በኋላ ነው እንዴ የሚጨሰው?»

በሩ ተንኳኳ፣ ኮፍያው ቀድሞ ገባ፣ ዘበኛው ተከተለ። «እንዴት ዋላችሁ ቤቶች! እትዬ፣ መቼም አልተቀመጥኩም፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለና ተቀመጠ። ከኪሱ ያበጠ ፖስታ አወጣ። «ለእንግዳዋ ነው። ከልጁ። በስምንት ሰዓት ከአጎቱ ጋር ሊሄድ ነው። ውኃ አይጠፋም መቼም?»

ልጅቷ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ቁልፎች ተንከባለሉ። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፤ አሥራ አንድ።

እናትየው ብድግ አለች። «እነዚህ... ቆይ እስቲ! ይሄ ልጅ ቁልፎቹን እቤቱ አጠራቅሞ ነው እኔ ከዘንቢል ሥር ተመሳሳይ ስፈልግለት የኖርኩት? ዓይኔ የፈሰሰው ለዚህ ነው?»

ልጅቷ አልሰማችም። ወረቀቱን ታነባለች፤ ድምፅዋ ሳታውቀው ወጣ።

«ዘግተሽ የሰፋሽውን ቀዳዳ ቀድጄ አልከፍተውም። እምቢ ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አንቺ ግን በእያንዳንዱ ስፌት እምቢ አልሽኝ። እንዲያም ሆኖ ያን እሁድ እስኪመሽ ገመዱ ጋ ቆሜ ጠበቅኩሽ። ሸሚዙን ግን ማውለቅ አልቻልኩም። ደህና ሁኚ።»

«የምን ቀዳዳ?» አለች ልጅቷ። «ምን ዘጋሁ?»

የእናትየው እጅ ቁልፎቹ ላይ ቀጥ አለ። «የኮሌታ ቀዳዳ ነው?»

«እማዬ...»

«ያ ሰማያዊ መስመር ያለበት ሸሚዝ? እሱንማ እኔ ነኝ የደፈንኩት!»

ዘበኛው ራሱ ተነስቶ የቀዳውን ውኃ ተጎነጨ።

«አንቺ ወጣ ስትዪ ባየው ኮሌታው አልቋል» አለች እናትየው፣ የሠራችውን በእጇ አየር ላይ እያሳየች። «አንገት የሚነካው ጋ ተበልቶ ክሩ ወጥቷል። አሳዘነኝ። የሀብታም ልጅ ነው ይላሉ፤ እሱ ግን ያለቀ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው። ፈትቼ ገለበጥኩለት፤ ያልተበላው ወደ ላይ፣ ያለቀው ወደ ታች። ታዲያ ኮሌታ ስትገለብጪ ያ የሥሩ ቀዳዳ ፊት ለፊት ይወጣል። ሰው እያየው ይሂድ? በጥቃቅን ስፌት ደፈንኩት። በነጻ! አመሰግናለሁ እንኳ አላለኝም፤ አይቶ አመድ መስሎ ወጣ። ሥራዬን የናቀው መስሎኝ ነበር።»

«ስትደፍኚው... ውስጡን አላየሽም?»

«ጠንከር ያለ ነገር ነበረው። ፕላስቲኩ ነው ብዬ...»

«ፕላስቲክ አልነበረም እማዬ።»

እናትየው ቁልፎቹን አየች። ልጇን አየች። የተቃጠለውን ጨርቅም አየች። ሁሉንም በልኬት ሜትሯ የለካች ይመስል አንድ በአንድ አየች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከአሥራ አንድ ቁልፍ ጀምሮ።»

«አባትሽም እኮ በደብዳቤ ነበር እኔን...» ጨርሳ አልተናገረችም።

«አውቃለሁ። እሱ የጻፈውን አላደረገም። ይሄኛው አድርጎ ነበር።» ልጅቷ ወረቀቱን ለእናቷ ዘረጋችላት። «እሁድ አሥር ሰዓት ገመዱ ጋ እቆማለሁ ብሎ ጻፈ፤ ቆሟል እማዬ! መልሴ አልደረሰውም፤ ግን ቆሟል። እኔን ሰው ጠብቆኝ ነበር። እኔን!»

በዕድሜዋ ሙሉ እሷ ነበረች ጠባቂዋ። የተጠበቀች መሆን ምን እንደሚመስል አሁን፣ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ፣ ደረቷ ውስጥ ገባና ለሌላ ነገር ቦታ አሳጣ።

እናትየው መሳቢያውን ሳበች። «የኔ ስፌት በጥርስ አይፈታም» አለች፣ ትንሿን መቀስ እያቀበለቻት። «ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ!»

ሮጠች። ዘበኛው ብርጭቆውን አስቀምጦ ተከተላት፣ ኮፍያውን በአንድ እጁ ይዞ። «ቆይ አንቺ ልጅ! እኔ በሌለሁበት ገመዱን መሻገር ክልክል ነው!»

«እንግዲያውስ ይሩጡ ጋሼ!»

ገመዱ ጋ እኩል ደረሱ። ዘበኛው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ እጁን ዘረጋ። «ማለፍ... ክልክል...» አለ። መቀሷን አየ፤ ፊቷን አየ። ከዚያ ገመዱ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ፤ ገመዱም አሸዋ እስኪነካ ረገበ። «ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት» አለ ወደ ባሕሩ ዞሮ። «ገመዱ ከወረደ በራሱ ጊዜ ነው። እኔ ምንም አላየሁም፤ አንገቴን አሞኛል።»

የተበጠረውን አሸዋ በእግሯ እያመሰቃቀለች አለፈች።

በረንዳው ሙሉ ነው። ሰማያዊው መጋረጃ በነፋስ ይወዛወዛል፤ እንግዶቹ ዓሣ ፊት ተቀምጠው ፎቶ ይነሳሉ። ከደረጃው ሥር የአጎትየው መኪና ሞተሩ ተነስቶ፣ ሻንጣው ተጭኖ ቆሟል፤ አጎትየው መሪው ላይ ሆኖ ሰዓቱን ያያል። ባለሆቴሏ፣ ሁለት መቶ ሰው ባንዴ ማዘዝ የምትችል፣ ፈገግታዋም እንደ ጠረጴዛ ልብሶቿ የተተኮሰ ሴት፣ ልጇን ልትሰናበት አጠገቡ ቆማለች። ልጁ ያንኑ ሸሚዝ ለብሷል።

ልጅቷን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ከዚያ በግድ መለሰው። «ቁልፍ ጎደለ?» አላት።

«አንገትህን ዝቅ አድርግ።»

«ምን?»

«ዝቅ በል አልኩህ። ሰው እያየ ነው፤ ከፈለግህ የጫማህን ማሰሪያ የምታስር ምሰል።»

ልጁ ዙሪያውን አየ። እንግዶቹ ሹካቸውን አውርደዋል። እናቱ ቅንድቧን አንስታለች። መኪናው ያጉረመርማል። ሰንደሉን አየ። ከዚያም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ በር የሚያህል ልጅ ጎንበስ ብሎ አንገቱን ለልብስ ሰፊዋ ልጅ ሰጠ።

«ኧረ መቀስ ይዛለች!» አለ አንድ እንግዳ።

«አትነቃነቅ» አለችው በሹክሹክታ። እናቷ ስትሰፋ ለዘላለም ነው፤ ስፌቱ እንደ ጉንዳን ጥርስ ደቃቅ ነው። አንዱን ቆረጠች። ሁለተኛውን። ኮሌታው በጎኑ ሲተረተር ከጠረጴዛዎቹ መሐል ሹክሹክታ ተነሳ፦ «ኮሌታው የተገለበጠ ነው እንዴ?» «የሆቴሉ ልጅ?» «ኮሌታ አስገልብጦ?» ሐሜቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዛመት ከሆቴሉ አስተናጋጆች ሁሉ ፈጠነ። ባለሆቴሏ ከአንገቷ ጀምሮ ቀላች።

ወረቀቱ ወጣ። ላብ አርሶታል፤ ጠርዙ ለስልሷል።

«ታጥቦ ቢሆን ኖሮ...» አለች ልጅቷ።

«አላጠብኩትም» አለ እሱ፣ ገና ቀና ሳይል። «አንቺ የነካሽው የመጨረሻ ልብስ ነው ብዬ።»

«አሥራ ሰባት ቀን!» አለች ባለሆቴሏ፣ ሳታስበው ጮክ ብላ። «አውልቀው እያልኩ ስጮህ!»

ልጁ ወረቀቱን ፈታ። በመጀመሪያ በዓይኑ ብቻ አነበበ። ከዚያ ቀና አለና በረንዳው ሁሉ እንዲሰማ ከፍ አድርጎ አነበበው፤

«ለአቶ ቁልፍ። እመጣለሁ። በዚህ እሁድ ግን አይደለም፤ የእናትህን አርባ የጠረጴዛ ልብስ እየዘመዘምን ነው። በሚቀጥለው እሁድ አሥር ሰዓት ገመዱ ጋ ቆሜ ታገኘኛለህ። ሰው ላልጠብቅ ምዬ ነበር፤ ሦስት ዓመት መስኮት ላይ ቆሜ የጠበቅኩት ሰው አልመጣም። ላንተ ስል መሐላዬን አፈርሳለሁ። እጄን ስትይዝ ጠበቅ አድርገህ ያዝ። መርፌ የወጋጋው ስለሆነ ሻካራ ነው። እንዳታፍርበት።»

ወረቀቱን አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ያን ቀን ቀሚስሽን ለብሰሽ ቆመሽ ሳይሽ» አላት፣ «ልታሾፊብኝ የመጣሽ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ደግሞ አንብበህ የሳቅህብኝ።»

«አንገቴ ላይ ነበር!» አለ፤ ሳቁና ለቅሶው አንድ ላይ ወጣበት። «አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ እሺታሽን አንገቴ ላይ አስሬ፣ እምቢ ተባልኩ ብዬ እህል አስጠላኝ!»

እጁን ዘረጋ። ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ሻካራ ነበር፤ የእሱም መዳፍ ላይ ቁልፍ ሲነቅል መቀስ የቆረጠው ጠባሳ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች ባለሆቴሏ በጥርሷ መሐል። «ይቺ የልብስ ሰፊዋ ልጅ አይደለችም?»

«ነች እማዬ» አለ ልጁ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «ኮሌታዬም የተገለበጠ ነው። የገለበጠችው እናቷ ናት። እዚህ በረንዳ ላይ ከተሰፋው ልብስ ሁሉ የሚበልጥ ስፌት ነው።»

ያን ጊዜ አንዲት ሽማግሌ እንግዳ በናፕኪኗ ዓይኗን እየጠረገች ማጨብጨብ ጀመረች። ሌላውም ተከተለ። ጭብጨባው በረንዳውን ሞላው።

«እንዴት ያምራል!» አለች ሴትየዋ ለባለሆቴሏ። «በየዓመቱ መክፈቻ ላይ እንዲህ ያለ ትርኢት ታሳያላችሁ? ደግሞ ቀሚሷን ከመጋረጃው ጋር ማዛመዳችሁ!»

ባለሆቴሏ ቀሚሱን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ ሙሉ የሆኑትን ጠረጴዛዎች አየች። ሃያ ዓመት ሆቴል ያስተዳደረች ሴት ናት። ፈገግታዋ ወደ ቦታው ተመለሰ። «ለክቡራን እንግዶቻችን ደስታ ብለን ነው» አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ጠጋ ብላ፣ ፈገግታውን ሳትለቅ፦ «ማታ እንነጋገራለን።»

«እሺ እማዬ።»

«በስልክ ነው ወይስ... እዚሁ?»

«እዚሁ። ትምህርቴን እዚሁ ነው የምጨርሰው።»

ባለሆቴሏ ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች። በነፋሱ ነው አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ዓይኗን እየነካካች።

አጎትየው ሰዓት አክባሪ ሰው ነው። ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን፣ ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ ተኮራምቶ የተኛ መስሎት፣ ኮት የተከመረበትን ወንበር «በርታ እንጂ፣ ወንድ ልጅ አይደለህ!» ብሎ አጽናንቶ ነድቶ ሄደ። ሻንጣው ሄደ። ባለቤቱ ቀረ።

ሁለቱ በበረንዳው ፊት ለፊት ሄዱ፤ ከመጀመሪያው ጠረጴዛ እስከ መጨረሻው፣ ቀስ ብለው፣ ኮሌታው በአንድ ጎኑ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ። ገመዱ ጋ ሲደርሱ እናትየው ደርሳለች፤ ልኬት ሜትሩ አንገቷ ላይ፣ አንድ ጣቷ ላይ የጣት መከላከያዋን እንዳደረገች። በመጀመሪያ ያየችው ኮሌታውን ነው።

«አበላሸሽው! እንዲህ ነው የሚፈታው? ጨርቁን ነካሽው!»

«እትዬ» አለ ልጁ፣ በበር ቁመቱ ሙሉ እያፈረ፣ «ልብሴ በሙሉ ከአጎቴ ጋር ሄደ። ያለኝ ይሄ ብቻ ነው።»

«ነገ ይዘኸው ና። እንግዲህ ሁለት ሳምንት የሠራሁትን ኀጢአት በአንድ ቀን እጠግነዋለሁ።» ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ቀጥ አደረገችለት፤ ለባዕድ ልጅ ሳይሆን ለራስ ልጅ እንደሚደረግ። «ቀዳዳዎቹን ግን አልደፍናቸውም» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ክፍት እተዋቸዋለሁ። ቁልፍ ግን ብትነቅል እጅህን ነው የምሰፋው!»

ዘበኛው አሁንም ገመዱ ላይ ተቀምጧል። ሊያሳልፋቸው እግሩን ሰበሰበ። «እንግ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ኮፍያውን አነሳ። «ልጃችን፣ ወደ ታች እያየሽ እለፊ። ገመዱ እንዳይጠልፍሽ።»

ልጃችን አለ። ልጅቷ ቃሉን ሰማችው። ገመዱን ተሻገረች፤ በአንድ እጇ መቀስ፣ በሌላው የሰው እጅ ይዛ። ከፊቷ እናቷ ለራሷ እያጉረመረመች ትሄዳለች፣ ከጎኗ ኮሌታው የተተረተረ ልጅ አለ፣ ከኋላዋ ባሕሩ አለ። ከዚያ ከመስኮቱ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጠብቀው ሰው አልነበራትም። ሁሉም መጥቶላታል።